ከሽማግሌ አፍ የሰረቅሁት ቃል

የያዙኝ ደብረ ማርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ቀለምና ብርዕ ዘርግቼ ከተቀመጥሁበት ነው። የገበያ ቀን ነበር። አንዲት ሴት ለወንድሟ ደብዳቤ እያስጻፈችኝ «ላሟ ወለደች በልልኝ» ስትል ሁለት ባንዳዎች መጥተው ከፊቴ ቆሙ። አንደኛው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «ይህ ያንተ እጅ ነው?» አለኝ። የእኔ እጅ ነበር። ከወር በፊት አንድ ገበሬ ጫካ ላለ ወንድሙ ስንቅ መላኩን ያስጻፈኝ ደብዳቤ ነው። «አይደለም» አልሁ። ሰውየው ሳቀና ከጉልበቴ ላይ የሴትዮዋን ወረቀት አንሥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። የሴትዮዋ ደብዳቤም ላሟ እንደ ወለደች ሳይናገር ቀረ።

እስር ቤት ያደረጉት የድሮ የበቅሎ ጋጥ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለ ነበር ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ቀና ስል ምንም አልታየኝም። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ የቆየ የበቅሎ ሽንት፣ የረጠበ ጭድ፣ የሰው ላብ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ስድስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ያዩኛል። በግድግዳው አንድ ቦታ ጭቃው ረግፎ ጡጫ የሚያህል ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በዚያ የገባው ፀሐይ ከአንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ አርፏል። ሽማግሌው የተቀመጡበትን ቁርበት ጠጋ አድርገው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ና፣ እዚህ ቁጭ በል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዬ እሱ ሆነ።

ሽማግሌው ከደብረ ኤልያስ ወገን የመጡ ገበሬ ናቸው። ያጠፉት ነገር የለም። ልጃቸው ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ስለ ተዋጋ፣ እሱ እስኪመጣ ድረስ አባትየውን መያዣ አድርገው አመጧቸው። በአገራቸው የታወቁ አስታራቂ እንደ ነበሩ የነገሩኝ ሌሎቹ እስረኞች ናቸው፤ እሳቸው ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም። ንግግራቸው እንደ ደህና ማሳ ድንጋዩ የተለቀመለት ነበር። አንድ ቀን ስለ ወጣትነታቸው ብጠይቃቸው በክረምት ወንዝ ሲሻገሩ አንዱ በሬያቸው ሙላቱ መካከል እንደ ቀረባቸው ነገሩኝ።

«ተሻግሬ ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። ያየኛል። ሰው ለራሱ ሲል አይመለስም፤ ለበሬው ሲል ይመለሳል። ተመለስሁ።»

ታሪኩ በዚሁ አለቀ። በሬው መዳኑን እንኳ የነገሩኝ ስጠይቃቸው ነው።

እኔ ደግሞ ወሬ የማልጠግብ ሰው ነበርሁ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የሚያናግረው ካጣ ከግድግዳም ጋር ያወጋል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ቆሎው ታድሎ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን አንድ በአንድ ሲቆረጥም፣ ከራሴ አፍልቄ ወሬ ጀመርሁላቸው። ስለ አንድ ገበሬ ነው። እንዲህ ነበር የጀመርሁት፦

«ሰውየው ከማሳው ሲመለስ በሬዎቹ የሉም። ወስደዋቸዋል። አልጮኸም። ሞፈሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የአባቱን ጠመንጃ አወረደ። ሚስቱ ስንቅ ቋጠረችለት። ሄደ።»

ይህ አነጋገር የእኔ አልነበረም። ከሽማግሌው የወሰድሁት ነው። የደብዳቤ ጻፊ ሙያ ይኸው ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አንደበት ይዞ ይጽፋል። ባልቴቷ እንደ ባልቴት፣ ነጋዴው እንደ ነጋዴ ካልተናገረ ዘመዶቹ «ይህን ማን ጻፈው?» ይላሉ። እኔም በዚህ ሥራ ከከተማው አንደኛ ነኝ ብዬ እኩራራ ነበር። ሽማግሌው ወሬዬን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንዲህ ነው ወንድ። ሄደ! አለቀ» አሉ። በአጠገባቸው የነበሩት ቄስ «ይህ ሁሉ ፈጠራ ነው፣ ሐሰት ደግሞ ኃጢአት ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። በማግሥቱ ግን ቆሎው ገና ሲታደል «እሺ፣ ያ ሰውዬ የት ደረሰ?» ያሉት እሳቸው ናቸው። ከደምበጫ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ እነሱማ ሰውየው ጥይቱን እንዳይጨርስ ሳይቀር ይመክሩኝ ጀመር። ሰውየው በየቀኑ ዳገት ወጣ፣ ገደል ወረደ፣ ተኮሰ፣ አመለጠ። እኛም አብረነው እንወጣና እንመለስ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ቆየሁ ጧት ጧት ይጠሩኝ ጀመር።

የጠራኝ የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ነው። የአገራችን ሰው ነው፤ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው የማይሳደብ። በርጩማ ሳበልኝና ሻሂ ከፓኞታ ዳቦ ጋር አስመጣልኝ። እንደ ተያዝሁ ሰሞን ውስጥ እግሬን ገርፈውኝ ስለ ነበር ገና በደንብ አልረግጥም ነበር። ሆዴም ባዶ ነው፤ በዚያ ላይ ቤተ ሰቤ የት እንዳለሁ አያውቅም፣ ጊዜውም ማንም ማንንም የማያምንበት ጊዜ ነው፣ እኔ ባልጽፍ ደግሞ ሌላ ጻፊ አያጡም... ይኸው፣ ነገር ማስረዘም ጀመርሁ። ዳቦውን በላሁ። የታዘዝሁትን ጻፍሁ።

መጀመሪያ የጻፍሁት አዋጅ የመሰለ ነገር ነው፤ በጫካ ያላችሁ ግቡ፣ ምሕረት ተደርጎላችኋል የሚል። ለጋጡ ሰዎች የአስተርጓሚውን ቢሮ ሊያስጠርጉኝ እንደሚወስዱኝ ነገርኋቸው። «ጠረጋ ነው ወይ ይህን ያህል የሚያውለው?» አለኝ ከወንድማማቾቹ አንዱ። «ሰፊ ቢሮ ነው» አልሁት።

በሁለተኛው ሳምንት አስተርጓሚው «መምህር፣ አንድ ጋጥ ውስጥ ከአንተ ጋር የታሰረ ሽማግሌ አለ» አለኝ። «ልጁን እንፈልገዋለን። አዋጅ አይሰማም። አባቱ ቢጠራው ግን ይመጣል። አባቱን ጠይቀነው እምቢ ብሎናል። አንተ አብረኸው ትውላለህ፤ አነጋገሩን ታውቃለህ።»

የሚጠይቀኝ ገብቶኛል። በምሕረት ስም ከገቡት መካከል ሁለቱ ገበያው ዳር ተሰቅለው መዋላቸውንም አውቃለሁ፤ ከመያዜ በፊት በዚያ ሳልፍ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ብርዑን አነሣሁ። ከዚህ የባሰውን ደግሞ መደበቅ አልፈልግም፤ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው አንደበት በእጄ ሲገባልኝ የሚሰማኝ የድሮ ደስታ መጣ። አንዲት ቃል ሰርዤ ሌላ ተካሁ፤ ይህን እሳቸው አይሉም ብዬ አንድ ሙሉ መስመር አጠፋሁ። ያለቀው ይህ ነው፦

«ስማ ልጄ። እኔ አለሁ። እናትህ አለች። ጤፉ ደርሷል፣ አጫጅ የለውም። ሰው ለራሱ ሲል አይመለስም፤ ለበሬው ሲል ይመለሳል። ና። አትዘግይ።»

አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ አነበበውና «አጭር አይደለም?» አለ።

«ሰውየው እንዲህ ናቸው» አልሁት። በኩራት ነው ያልሁት።

ያን ቀን ሁለት ፓኞታ ሰጠኝ። አንዱን በጉያዬ ሸጉጬ ለሽማግሌው አመጣሁላቸው፤ ጽዳት ሠራሁበት ያልሁት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተርፎ ነው አልኋቸው። ቆርሰው ለሁሉም አደሉት። እኔም ከድርሻዬ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ወሬውን ቀጠልሁ። ሰውየው ከጫካ ወርዶ ስንቅ ወዳለበት መንደር የሚሄድበት ቀን ነበር። ምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

«ሰውየውም ዘመኑ የከፋ መሆኑን በልቡ እያሰላሰለ፣ የሚስቱን እንባና የልጆቹን ረኃብ እያሰበ፣ ቢሄድ ምን ያተርፋል፣ ቢቀርስ ማን ይፈርድበታል እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ወዳጆቹም ጊዜ እስኪያልፍ ጎንበስ ማለት ነውር የለውም ብለው ሲመክሩት፣ እሱም ምን ያድርግ፣ የሰው ልጅ ከጊዜ ጋር ይታገላል እንጂ ጊዜን አያሸንፍምና...»

ወንድማማቾቹ አዛጉ። ቄሱ «ምክሩስ ባልከፋ» አሉ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ ሰውየው ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አሰበ፣ አዘነ፣ አማከረ። አልተነሣም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ።

«ሰውየውን ምን አደረግኸው?»

«ምን አደረግሁት፣ አባባ?»

«በፊት ሲሄድ ይሄድ ነበር። አሁን ለመነሣት እንኳ ታስረዳለታለህ።»

«ወሬው እንዳያጥር ብዬ ነው እንጂ...»

«ሰሞኑን ስንት ዳገት ወጥቷል። ዛሬ አንድ ደጃፍ ለመውጣት ሚስቱ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይራባል፣ ጊዜው ይከፋል። በፊትስ ሚስት አልነበረችውም?»

ከወንድማማቾቹ ታናሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሠላሳ ዓመት ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሰው አስታርቄአለሁ» አሉኝ። «ድንበር የገፋ ሰው በመጀመሪያው ቀን ‹አልገፋሁም› ይላል። በሁለተኛው ቀን ስለ አያቱ ይነግርሃል። በሦስተኛው ቀን ስለ ዝናቡ ይነግርሃል። ያን ጊዜ ድንበሩን ሄጄ ሳላይ እፈርድ ነበር።» ቆም ብለው አዩኝ። «ያ ሰውዬ አንድ ነገር አጥፍቷል። ምን እንደ ሆነ አልነገርኸንም እንጂ አጥፍቷል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ከሥሩ ንገረን።»

ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። «ደክሞኛል፣ ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሊቃውንት ፊት ቅኔ ዘርፌአለሁ፤ ስሕተት ያላገኙብኝ ነበሩ። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ግን የተደበቅሁበትን ከሁለት ቀን ወሬ አገኙት። እኔ ስለ ሰውየው የማወራ ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጧት አስተርጓሚው እየሳቀ ተቀበለኝ። «ሠራህ፣ መምህር!» አለኝ። ከልጁ መልስ መጥቷል። ደብዳቤውን አድርሳ የመጣችው ሴት ቃሉን በቃሏ ይዛዋለች፦ «የአባቴን ቃል ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ይድገሙልኝ። ከደገሙልኝ ቅዳሜ ገበያው ሳይፈታ እመጣለሁ።»

«ነገ ጧት ሁለተኛውን ትጽፋለህ። ከመጀመሪያው እንዳያንስ» አለኝ አስተርጓሚው። ሻሂ ቀረበልኝ። አልጠጣሁትም።

ወደ ጋጡ ስመለስ ፀሐይ በቀዳዳው ገና እየገባ ነበር። ቆሎ እየታደለ ነው። ቄሱ «እሺ፣ ያ ሰውዬ?» አሉ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታዬን ለቀቁልኝ። አልተቀመጥሁም። ቆሜ ነገርኋቸው። ቢሮ እንደማልጠርግ፣ ደብዳቤ እንደምጽፍ፣ ዳቦው ከየት እንደ መጣ፣ ልጃቸውን በእሳቸው አንደበት እንደ ጠራሁት፣ እሱም ሊመጣ እንደ ሆነ። የደብዳቤውን ቃል ሳይቀር አልሁት። «ሰው ለራሱ ሲል አይመለስም» የሚለው ላይ ስደርስ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከወንድማማቾቹ ታላቁ ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሉት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ቁርበታቸውን ጠቀለሉ፤ ወደ ማዶው ግድግዳ ወስደው ዘረጉትና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። በባዶው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። የዚያን ቀን ድርሻዬን ቆሎ ማንም አልነካብኝም፤ እኔም አልነካሁትም።

በማግሥቱ ጧት ዘበኛው ስሜን ሲጠራ በሽማግሌው አጠገብ ማለፍ ነበረብኝ። ሳልፍ ወደ እኔ ሳይዞሩ «ከእኔ አፍ ወስደህ ልጄን ጠራኸው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ዛሬ ከራስህ አፍ ጻፍለት።»

ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ቢሮ ገብቼ ቅኔ ቤትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ሁሉ አፈሰስሁት። «ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን ለልቤ ደስታ ለሆንህ ለተወዳጁ ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረው ሰላምታዬ እንደ ሰማይ ከዋክብት እንደ ባሕር አሸዋ በዝቶ በያለህበት ይድረስህ...» ብዬ ጀመርሁ። ጤናውን ለብቻ፣ የጓደኞቹን ጤና ለብቻ ጠየቅሁ። ስለ ዘመን መለዋወጥ ጻፍሁ። ከመጽሐፍ ጠቀስሁ፤ ግእዙን ከነትርጉሙ አስገባሁ። ሽማግሌው በሰባ ዓመታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ቃል ሁሉ በሁለት ገጽ አናገርኋቸው። ልጁ የአባቱ ልጅ ከሆነ ሦስተኛው መስመር ሳይነበብለት ይህ አባቱ እንዳልሆነ ያውቃል።

አስተርጓሚው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ከላይ ጀመረ።

«ይህ ያው ሽማግሌ ነው?» አለኝ።

«ያው ናቸው፣ ጌታው።»

«በአንድ ሳምንት ብዙ ተምሯል።»

«ሰው ሲናፍቅ ነገሩ ይረዝማል።»

ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ ቆየ። እኔ የማየው የቀለሙን ብልቃጥ ነው። ከዚያ የእስረኛ ደብዳቤ የሚያልፍበትን ማህተም አነሣና ከወረቀቱ ግርጌ መታው። ያ ሰው ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም። የአገሬ ልጅ መሆኑን በዚያች ደቂቃ ትዝ ብሎት ይሆናል፤ ወይም ግእዙ አስደንቆት ይሆናል።

ወደ ጋጡ ስመለስ ሽማግሌው ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ናቸው። ቦታዬ ላይ ተቀመጥሁ። «ረዘመች?» አሉ፣ ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል።

«ረዘመች፣ አባባ።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ገጽ ሙሉ።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር። ቁርበታቸውን ግን አልመለሱም።

ቅዳሜ ወታደሮቹ ከጧት ጀምሮ በገበያው መግቢያ አድፍጠው ዋሉ። ልጁ አልመጣም። ሰኞ ጧት ሽማግሌውን አስወጥተው በካሚዮን ጫኗቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው ሲጠየቅ ዘበኛው «አላውቅም» አለ፤ ያወቀ ሰውም እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ሲወጡ ሁሉንም በእጃቸው ተሰናበቱ፣ የቄሱን መስቀል ተሳለሙ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ጥቂት አየኋቸውና ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልሁም፤ አፍሬ። ቁርበታቸውን ለቄሱ ትተውላቸው ሄዱ። እኔን ከዚያ በኋላ ለጽሕፈት የጠራኝ የለም፤ የዳቦውም ነገር በዚያው ቀረ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ በሩን የከፈቱልን አርበኞች ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ባልከፋ። እኔም ለብዙ ሰው እዚህ ላይ እየጨረስሁ አውርቼዋለሁ፤ እንዲያውም የመጀመሪያውን ደብዳቤ እየዘለልሁ።

ነጻነት በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ እዚያው ቅጥር ሥር ተቀምጬ ስጽፍ አንድ ጠመንጃ የያዘ ረጅም ሰው መጥቶ ተጎንብሶ ሰላምታ ሰጠኝ። ከአባቱ ጋር መታሰሬን ከቄሱ ሰምቶ ነው የመጣው። ሲናገር ገና በመጀመሪያው ቃል አወቅሁት፤ አነጋገሩ የአባቱ ነው። ከጉያው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች አወጣ።

«ሁለተኛውን የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ሲነበብልኝ ሳቅሁ። አባቴ አለመሆኑን አወቅሁ። ከሞት አዳኑኝ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። አልከለከልሁትም።

ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ሰጠኝና እንዳነብለት ለመነኝ። እሱ ማንበብ አይችልም። አነበብሁለት። «ና። አትዘግይ» ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ቅጥሩ አዞረ።

«ይህ ግን የአባቴ ቃል ነው» አለ። «አንድ ቀን ደክሟቸው ጠሩኝ። ሽማግሌ ናቸው። ገርፈዋቸው ይሆናል። መጀመሪያ ተቀይሜአቸው ነበር። አሁን ይቅር ብያቸዋለሁ።»

ቄሱ ስለ መጀመሪያው እንዳልነገሩት ገባኝ፤ ያን ለእኔ ትተውታል። ወረቀቱን አጣጥፌ መለስሁለት። እሱ አመስግኖኝ በደብረ ኤልያስ መንገድ ሄደ። ሌላ ደንበኛ መጣ። ብርዑን ቀለም ነከርሁና አንድ ፊደል ሳልጽፍ ቀለሙ ደረቀ። እኒያ ሽማግሌ አንድም ቀን አልደከሙም። ተጠይቀው እምቢ ያሉ ሰው ናቸው። እኔ ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ያላሉትን ቃል አሸክሜአቸው፣ ልጃቸው ይቅር ሲላቸው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። በዕድሜዬ ካፈርሁባቸው ቀኖች ሁሉ የከፋው በጋጡ ውስጥ ያለው አይደለም፤ ያ ጧት ነው።

ተነሣሁ። ወረቀቱንም ብርዑንም እዚያው ጥዬ ሮጥሁ። ከከተማው ወጣ ካለ በኋላ ደረስሁበት። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ሁለቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት። «አባትህ አልጠሩህም። ተጠይቀው እምቢ አሉ። ቃላቸውን ሰርቄ ጠራሁህ። ጣሊያኖቹ ዳቦ ሰጥተውኛል። ሁለተኛውን ያስጻፉኝ ግን አባትህ ናቸው።»

ከዚያ በላይ ማለት የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ስለ እግሬ፣ ስለ ረኃቡ። አላልሁትም።

ሰውየው ቆሞ አየኝ። እጁ ጠመንጃው ላይ ነው፤ ቢያነሣውም አልሸሽም ነበር። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲለኝ የነበረው «አንተ ነህ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ አልጠሩኝም?»

«አልጠሩህም።»

መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ሰዎች ሰላምታ እየሰጡን አለፉ። ሲነሣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ግን የቀለለው ሰው ፊት ነበር። ጨርቁን ፈታ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ ያን የአባቱ ቃል ሁሉ ያለበትን፣ አውጥቶ ሰጠኝ። «ያንተ ነው፤ ያዘው» አለኝ። ሁለተኛውን፣ ያን አንዲት የአባቱ ቃል የሌለበትን ሁለት ገጽ፣ መልሶ በጥንቃቄ ጠቀለለና «ይህ የአባቴ ነው» ብሎ ጉያው ከተተው። ሄደ። ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ ወዲህ ልቦለድ ጻፊ ሆኛለሁ። የማውቃቸው አንባቢዎች ሰው ሲለወጥ በአረፍተ ነገሮችህ ያስታውቃል፣ ይህን ከየት ተማርኸው ይሉኛል። ከንባብ ነው እላቸዋለሁ። ከጻፍሁት ሁሉ የተዋጣልኝ ግን ከሳጥኔ ሥር ያለችው አንዲት አጭር ወረቀት ናት፤ ለማንም አሳይቻት አላውቅም።